አሳዳጊዋን የበላች ዝንብ

በእኛ አገር ሰው ስሙን ሲጠየቅ የአባቱን ስም አስከትሎ ይናገራል። ስም ብቻውን ጎዶሎ ነው፤ አበበ የሚባል ስንት አለ፣ አልማዝስ ስንት ናት! የማን ልጅ እንደ ሆነ እስኪታወቅ ድረስ ሰውየው ገና በከፊል ነው የታወቀው። በነፍሳት ዓለምም እንዲሁ ስሟ ብቻውን የማይበቃ፣ «ከማን ቤት ወጣች?» ካልተባለ በቀር በቅጡ የማትታወቅ የዝንብ ወገን አለች። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የዚህች ዝንብ ማንነት የሚጠየቀው በወለዳት ሳይሆን ባሳደጋት ነው። ያሳደጋትንም በልታ ነው የምትወጣው። በአማርኛችን «አሳዳጊ የበደለው» የሚባል ስድብ አለ፤ እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ በዳይዋ አዳጊዋ ናት።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ከእሳት ራት አባጨጓሬዎች ውስጥ ስለሚወጡት ስለነዚህ ጥገኛ ዝንቦች፣ ይበልጡንም ማንነታቸውን ለማወቅ ከ350 ዓመታት በላይ ስለ ደከሙ ሰዎች ነው። «ዝንብ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ጥቂት እንዲታገሠኝ ብቻ እለምነዋለሁ። ስምን ይዞ ግብርን በሚገባ አለመመዘን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይህ ታሪክ ያሳያልና። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ሣጥን ነው። ሰውየው አባጨጓሬ ይዞ በሣጥን ያኖራል፤ የሚወደውን ቅጠል እየቀጠፈ ይመግበዋል። አባጨጓሬው ጠግቦ፣ ወፍሮ፣ በመጨረሻ መብላቱን ትቶ በቅርፊት ውስጥ ይተኛል። ሰውየው ባለ ክንፍ ውበት ይጠብቃል። አንድ ቀን ሣጥኑን ሲከፍት ግን የሚያገኘው የእሳት ራት ሳይሆን ግራጫ፣ ጸጉራም ዝንብ ነው። አበው «ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም» ይላሉ፤ እነሆ ከአባጨጓሬ ዝንብ ተፈለፈለ!

በ1660ዎቹ በኔዘርላንድስ፣ በሚድልቡርግ ከተማ፣ ዮሃንስ ጉዳርት የሚባል ሠዓሊ ይህንኑ አየ። ጉዳርት አባጨጓሬዎችን በቤቱ እያሳደገ ለውጣቸውን የሚከታተል፣ ያየውንም በሥዕልና በጽሑፍ የሚያሰፍር ትጉህ ሰው ነበር። አንድ ዐይነት ከሆኑ አባጨጓሬዎች ከአንዱ ቢራቢሮ፣ ከሌላው ዝንብ ሲወጣ ተመልክቶ በታማኝነት ጻፈ። የደረሰበት መደምደሚያ ግን አንድ ፍጥረት ሁለት ዐይነት ልጅ ሊያስገኝ ይችላል የሚል ነበር። ዘመኑ ትል ከበሰበሰ ነገር በራሱ ይፈጠራል ተብሎ የሚታመንበት ዘመን ነበርና አይገርምም።

ይህን እምነት ያናጋው ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ ነው። በ1668 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሥጋ በዕቃ ውስጥ አድርጎ ከፊሉን ክፍት ትቶ ከፊሉን በመሸፈን፣ ትል የሚገኘው ዝንብ በደረሰችበት ብቻ መሆኑን አስረዳ። ይሁን እንጂ ሬዲ ራሱ በዛፍ ላይ በሚወጡ እብጠቶች ውስጥ የሚገኙትን ትሎች ዛፉ ያስገኛቸዋል ብሎ ከማመን አልወጣም። ጥያቄው ይበልጥ የጠራው ወደ 1700 ገደማ በፓዶቫው ሐኪም በአንቶኒዮ ቫሊስኔሪና በዘመን ጓደኞቹ ጥረት ነው። ዝንቧ የአባጨጓሬው ልጅ አይደለችም፤ እናቷ ሌላ ዝንብ ናት፤ አባጨጓሬው ቤቷም ቀለቧም ነው። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ለማለት አንድ ትውልድ ያህል ፈጀ።

በዚህ መካከል ግን እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቃት አንዲት ሴት አለች፤ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን። በ1647 በፍራንክፈርት የተወለደችው ሜሪያን የሐር ትል ማሳደግ የጀመረችው በ13 ዓመቷ ነበር። በ1679 ያሳተመችው የአባጨጓሬዎች መጽሐፍ 50 ሥዕሎች አሉት። በእነዚያ ሥዕሎች አባጨጓሬው ብቻውን በባዶ ወረቀት ላይ አይንጠለጠልም፤ ከሚበላው ተክል ጋር ነው የተሣለው። እዚያው አጠገቡ ቅርፊቱ፣ የሚሆነው የእሳት ራት፣ አንዳንዴም ከእሳት ራቱ ፈንታ የወጣው ዝንብ ወይም ተርብ አለ። ሜሪያን የዝንቧን ስም አላወጣችም፤ አድራሻዋን ግን መዘገበች። ይህ ተክል፣ በዚህ ተክል ላይ ይህ አባጨጓሬ፣ ከዚህ አባጨጓሬ ይህች ዝንብ። ቆየት ብለን እንደምናየው፣ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ የመጡት ሊቃውንት የፈለጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ስለ ዝንቧ ራሷ ጥቂት ልበል። ከአባጨጓሬ የሚወጡት ጥገኛ ዝንቦች አብዛኞቹ ታኪኒድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። በ2020 የወጣ የዓለም ዝርዝር ከ8,500 የሚበልጡ ዝርያዎች ቆጥሮላቸዋል። የልጅነት ዘመናቸውን የሚያሳልፉት በሌላ ነፍሳት ገላ ውስጥ ነው፤ አስተናጋጃቸውንም አብዛኛውን ጊዜ ይገድሉታል። ለተራ ዐይን ብዙዎቹ ከቤት ዝንብ እምብዛም አይለዩም። ዐዋቂው የሚለያቸው ሰውነታቸውን በወረረው ሻካራ ጸጉርና ከጀርባቸው መጨረሻ ሥር በምትታይ አንዲት ትንሽ ጉብታ ነው።

ወደ አባጨጓሬው የሚገቡበት በር ግን ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዷ እንቁላሏን በአባጨጓሬው ቆዳ ላይ ለጥፋ ትሄዳለች። ሌላዋ ወግታ የተፈለፈለ ትል በቀጥታ ወደ ውስጥ ታገባለች። ሌላዋ ደግሞ ትሎቿን በመንገድ ላይ ትጥላቸዋለች፤ እነርሱም የሚያልፍ አባጨጓሬ እስኪመጣ ቆመው ይጠብቃሉ። ከሁሉ የረቀቀችው ደቃቅ እንቁላሎቿን በቅጠል ላይ በትና የምትሄደው ናት፤ አባጨጓሬው ቅጠሉን ሲበላ ሞቱንም አብሮ ይውጣል። በጃፓን የሐር አርቢዎች «ኡጂ» እያሉ የሚያማርሩባት ዝንብ ከዚህ ወገን ነበረች። ሳሳኪ ቹጂሮ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ በ1886 ባሳተመው ጥናት የሕይወት ታሪኳን ተከታትሎ ጻፈ፤ ከእንጆሪው ቅጠል ወደ ሐር ትሉ ሆድ፣ ከሆዱ ወደ ውስጥ አካሉ።

ትሉ በሰው ቤት ሲኖር መተንፈስ አለበትና ብዙውን ጊዜ ከአባጨጓሬው ቆዳ ወይም ከአየር ቧንቧው ላይ ቀዳዳ ያበጃል። ጠግቦ ሲያበቃ የራሱን የመጨረሻ ቆዳ አድርቆ ቡናማ፣ በርሜል የመሰለ ቅርፊት ያደርገዋል። ዝንቧ በርራ ከሄደች በኋላ እንኳ ይህ ባዶ ቅርፊት ይመሰክራል፤ በኋላው በኩል ያሉት ሁለት የመተንፈሻ ምልክቶች ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ይለያያልና ለዐዋቂ እንደ ማኅተም ናቸው። እንግዲህ ሣጥኑን አጽድቶ ቅርፊቱን የጣለ ሰው የዝንቧን መታወቂያ ጣለ ማለት ነው።

ስም የማውጣቱ ሥራ በሰፊው የተያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በፈረንሳይ፣ በቡርጎኝ አውራጃ፣ ሰን ሶቨር በምትባል የገጠር ከተማ ሮቢኖ ዴቮይዲ የሚባል ሐኪም ነበር። ከተማዋን የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በሌላ ምክንያት ያውቋታል፤ እርሱ በሞተ በ16 ዓመቱ፣ በ1873፣ ደራሲዋ ኮሌት የተወለደችው እዚያው ነው። ሮቢኖ ዴቮይዲ በ1830 ባሳተመው ትልቅ ሥራ የዝንብ ዓይነቶችን በጥቃቅን ልዩነት እየከፋፈለ ለቁጥር የሚያታክት ስም አወጣ። በ1880ዎቹ ደግሞ በኒው ዮርክ የሩሲያ ቆንስል ጄኔራል የነበረው ባሮን ኦስተን ሳከን በዝንቦች ገላ ላይ ላሉት ጸጉሮች እንደየቦታቸው ስም አወጣላቸው። ከዚያ ወዲህ የዝንብ ሊቅ ማለት ጸጉር ቆጣሪ ማለት ሆነ፤ በትከሻ ስንት፣ በጉንጭ ስንት፣ በጀርባ በስንት ረድፍ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለእነዚህ ዝንቦች ግን ስም ያወጣላቸው በመርፌ ላይ የተሰካ ሬሳቸውን የሚመረምር ሰው ነበር። ብዙዎቹ የተያዙት በአበባ ላይ ሲቀስሙ ነው፤ ከማን ቤት እንደ ወጡ የሚናገር ምንም ነገር አልነበረም። ስማቸው ተጻፈ፤ ግብራቸው ሳይጻፍ ቀረ። ይህ ጉድለት ዋጋ ያስከፈለው ግን በሌላ አህጉር ነው።

ኤቲየን ትሩቬሎ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነው፤ በኋላ የሰማይ አካላትን በመሣል ዝነኛ ሆኗል። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ በሜድፎርድ ከተማ ሲኖር ግን ምኞቱ ሐር ነበር። በ1867 ባሳተመው ጽሑፍ ፖሊፌመስ የሚባለውን የአገሬውን ትልቅ የሐር የእሳት ራት በግቢው እንዴት እንዳረባ ተርኳል፤ የአባጨጓሬዎቹን ቁጥር እስከ ሚሊዮን ያደርሰዋል። ከዚያ በ1860ዎቹ መጨረሻ ሊማንትሪያ ዲስፓር የምትባለውን የእሳት ራት ከአውሮጳ አስመጣ፤ ጥቂቶቹም አመለጡት። ሃያ ዓመት ገደማ አለፈ። በ1889 በሜድፎርድ አባጨጓሬ ዛፉን አራቁቶ በየቤቱ ግድግዳ ይርመሰመስ ጀመር። የማሳቹሴትስ መንግሥት ከ1890 አንሥቶ ለአሥር ዓመት ያህል ሊያጠፋት ታግሎ አቃተው።

መድኃኒቱ ከአገሯ ይምጣ ተባለ። በአውሮጳ ሊማንትሪያን የሚገድሏት ጥገኛ ነፍሳት አሉና፣ የአሜሪካ የነፍሳት ጥናት ቢሮ ኃላፊ ሌላንድ ሃዋርድ ከ1905 ጀምሮ አባጨጓሬዎችና ቅርፊቶች በሣጥን እየታሸጉ ባሕር እንዲሻገሩ አደረገ። በማሳቹሴትስ፣ በሜልሮዝ ሃይላንድስ የተቋቋመው ቤተ ሙከራ ሣጥኖቹን እየከፈተ የሚወጣውን ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ የጉዳርት ሣጥን በሺህ ተባዛ፤ ጥያቄው ግን ያው ነበር፤ ይህች የወጣችው ማን ናት?

ለዝንቦቹ መልስ እንዲሰጥ የተመደበው ቻርልስ ታውንሴንድ ነው። ታውንሴንድ ጸጉር በመቁጠር ብቻ አልረካም። ሴቶቹን ዝንቦች እየከፈተ በማሕፀናቸው ያለውን እንቁላልና አዲስ ትል መረመረ፤ ከማን እንደ ወጡ፣ እንዴት እንደሚጥሉ፣ ትላቸው ምን እንደሚመስል አመሳከረ። በ1908 ያሳተመው ጽሑፍ ርእሱ ራሱ ዘዴውን ይናገራል፤ ከማሳደግና ከመክፈት የተገኙ ውጤቶች መዝገብ ነው። በዚህ መንገድ በውጭ መልካቸው የሚመሳሰሉ ዝንቦች በውስጥ አኗኗራቸው ፍጹም የተለያዩ ሆነው ተገኙ። እኔ እንደማየው ስምና ግብር በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ግን ዕውቀት አንድ ነገር ነው፤ ዕውቀትን መመዘን ሌላ ነገር። በ1906 ከገቡት ዝንቦች አንዷ ኮምፕሲሉራ ኮንሲናታ ነበረች። ስም አላጣችም፤ ጀርመናዊው ማይገን በ1824 ሰይሟታል። ግብሯም በከፊል ይታወቅ ነበር፤ ከብዙ ዓይነት አባጨጓሬ ትወጣለች። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሊማንትሪያ በዓመት የምትፈለፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ኮምፕሲሉራ ግን በዓመት ሦስትና አራት ትውልድ ታፈራለች። የሊማንትሪያ አባጨጓሬ ወቅቱ ሲያልፍ የቀሩት የዝንብ ትውልዶች የማንን ቤት ያንኳኩ? ጎረቤት ያለውን ሁሉ ነዋ! በዚያ ዘመን ይህ እንደ ጥቅም ታየ፤ ዝንቧ ክረምትና በጋ አትራብ፣ አትጥፋ ተባለ። እስከ 1986 ድረስም በተደጋጋሚ ተለቀቀች። በሰሜን አሜሪካ የተመዘገቡት አስተናጋጆቿ ከ180 ዝርያዎች በላይ ሆኑ።

ከእነዚህ መካከል የአገሬው ታላላቅ የሐር የእሳት ራቶች አሉ። ሴክሮፒያ የምትባለው የሰሜን አሜሪካ ትልቋ የእሳት ራት ናት፤ ክንፏ ሲዘረጋ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ እነዚህ ፍጥረታት እየተመናመኑ ሲሄዱ ምክንያቱ ለብዙ ጊዜ አከራካሪ ነበር፤ የመንገድ መብራት፣ መርዝ፣ የደን መጨፍጨፍ ተጠረጠሩ። የሞተ አባጨጓሬ ገዳዩን አይናገርምና። በ2000 ጆርጅ ቤትነር፣ ጆሴፍ ኤልኪንተንና ሲንቲያ ቤትነር የማሳቹሴትስ ጥናታቸውን አሳተሙ። 500 የሴክሮፒያ አባጨጓሬዎች በዛፍ ላይ አኑረው ተከታተሏቸው፤ ከአምስተኛው የዕድገት ደረጃ ያለፈ አንድም አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የዕድገት ደረጃዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ ከሞቱት 81 በመቶ የሚሆነውን የገደለችው ኮምፕሲሉራ ሆና ተገኘች። ፕሮሜቲያ ከምትባለው ዘመዷም ለስድስት ቀን ብቻ ውጭ ከቆዩት አባጨጓሬዎች ወደ 70 በመቶው በዝንብ ተይዘው ነበር።

ምጸቱን ልብ ይሏል። ለሐር ተብላ የመጣች የእሳት ራት አመለጠች፤ እርሷን ለመግደል ዝንብ መጣች፤ ዝንቧም የአገሬውን የሐር የእሳት ራቶች ትፈጅ ጀመር፤ ትሩቬሎ በፍቅር ያረባት የፖሊፌመስን ቤተሰብ። ለፍትሕ ሲባል ግን ይህንም ልጨምር፤ ይህችው ዝንብ ቡናማ ጭራ የምትባለውን ሌላ መጤ ተባይ በሰፊው እንዳስወገደች በ2006 የወጣ ጥናት አመልክቷል። ዝንቧ ክፉም ደግም አይደለችም። እርሷ ሥራዋን ሠራች፤ ሒሳቡን መሥራት የነበረበት ሰው ነው።

በእርግጥም «ብዙ ቤት የሚያንኳኳ» የተባለው ሁሉ እውነት እንደዚያ ነውን? መልሱ ከኮስታሪካ መጣ። በጓናካስቴ ጥብቅ ሥፍራ ዳንኤል ጃንዘንና ዊኒ ሃልዋክስ ከ1978 ጀምሮ፣ በኋላም ከአካባቢው ገጠር ከመጡ ሠልጣኞች ጋር ሆነው፣ አባጨጓሬ እየሰበሰቡ ያሳድጋሉ። እያንዳንዱ አባጨጓሬ የራሱ ቁጥር አለው፤ የተገኘበት ተክል፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፋል፤ ከእርሱ የወጣችው ዝንብም ያንኑ ቁጥር ተሸክማ ትሰካለች። በአሌክስ ስሚዝ መሪነት በ2006 የወጣው ጥናት ቤልቮሲያ ከሚባለው ወገን በመልክ የተለዩ 20 ዝርያዎችን ወስዶ የዲ ኤን ኤ ምልክታቸውን መረመረ። 17ቱ እያንዳንዳቸው ጥቂት አስተናጋጅ ብቻ የሚመርጡ ነበሩ፤ ሦስቱ ግን ያገኙትን የሚበሉ ይባሉ ነበር። ሦስቱ ሲመረመሩ 15 ሆኑ፤ የዝርያው ቁጥር ከ20 ወደ 32 ወጣ። አንዲት ዝንብ ብዙ ቤት እያንኳኳች አልነበረም፤ በመልክ የማይለዩ ብዙ ዝንቦች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቤት ያንኳኩ ነበር እንጂ።

በ2007 በሌሎች 16 ዝንቦች ላይ ጥናቱ ሲደገም 73 የዘር ሐረጎች ተገኙ፤ ከእነርሱም በእውነት ሁሉን በል ሆነው የቀሩት 9 ብቻ ናቸው። ዲ ኤን ኤው ድንቅ መሣሪያ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የዲ ኤን ኤው ልዩነት ትርጉም ያገኘው ከቁጥሯ ጋር ስለ ተመሳከረ ነው፤ ይህች ከዚህ አባጨጓሬ፣ ያችኛዋ ከዚያ። ቁራጯ ወረቀት ባትኖር የተገኘው የፊደላት ረድፍ ብቻ በሆነ ነበር። የሜሪያን ሥዕል ሦስት መቶ ዓመት ተጉዞ እዚህ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው ለሚል፣ መልሱ በበቆሎ ማሳችን ውስጥ ነው። ከአሜሪካ የመጣው መጤ ተምች በ2016 አፍሪካ፣ በ2017 ኢትዮጵያ ገባ። በዚያው በ2017 ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛንያ ማሳዎች ተምቹን ሰብስበው ከውስጡ የሚወጣውን ጠበቁ፤ ውጤቱም በ2018 ታተመ። በኢትዮጵያ ከሌሎቹ በልጣ የወጣችው ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባል ደቃቅ ተርብ ናት፤ ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆነውን ተምች ይዛ ተገኘች። በኬንያ ግን ቀዳሚዋ የእኛዋ የታሪክ ባለቤት ዘመድ፣ ፓሌክሶሪስታ ዞናታ የምትባል ታኪኒድ ዝንብ ነበረች፤ 12.5 በመቶ። መጤው ገና እግሩን ሳይተክል የአገሬው ጥገኞች ቤቱን አግኝተውታል ማለት ነው። ተርቧ ራሷ በሊቃውንት ዘንድ ስም ያገኘችው ገና በ2017 ነው። ይህን ሳያውቅ መርዝ የሚረጭ ጠላቱን ብቻ ሳይሆን ወዳጁንም ይገድላል፤ ባዕድ ዝንብ እናምጣ የሚል ሰው ቢነሣ ደግሞ የማሳቹሴትስን ሒሳብ አስቀድሞ መሥራት ይኖርበታል።

ስለዚህ ከአባጨጓሬ ዝንብ ሲወጣ ያየ ሰው ተጸይፎ ሣጥኑን ባይደፋው እመርጣለሁ። ዝንቧ ክንፏ እስኪጠነክር ትቆይ፤ ባዶው ቅርፊትና የአባጨጓሬው ቆዳ አብሯት ይቀመጥ። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይም በእርሳስ አራት ነገር ይጻፍ፤ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የበላው ተክል፣ አባጨጓሬው። ስሙን የሚያወጣ ሊቅ ከአምሳ ዓመት በኋላም ቢሆን ሊመጣ ይችላል። እነዚያን አራት ቃላት ግን ያኔ ማንም ሊጽፋቸው አይችልም።